ቅጠል ውስጥ የምታድገው ዝንብ

ዝንቧ ከሰሊጥ ፍሬ አትበልጥም። ጀርባዋ ጥቁር ነው፤ ጎንና ጎኗ ላይ ቢጫ ነገር አላት፣ እሱም ፀሐይ ሲያርፍባት ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ለዓመታት ዝንብ መሆኗንም አላወቅሁም። የማውቀው ሥራዋን ነበር። የሰላጣው ቅጠል ላይ ነጭ መስመር ይወጣል፤ ሲጀምር እንደ ክር ቀጭን ነው፣ እየሄደ ይወፍራል፣ ይጠማዘዛል፣ መልሶ ራሱን ያቋርጣል። ሕፃን ልጅ በጠመኔ የጫጫረው ነው የሚመስለው። በጣቴ ብፈትገው አይለቅም፣ ባጥበው አይለቅም። መስመሩ ያለው ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ውስጡ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት በ2011 መግቢያ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ ጅግጅጋ ላይ የሆነውን ያየ ያውቀዋል፣ እኔ አልዘረዝረውም። ልጄን ይዤ ሰው ግቢ ተጠልዬ ሰንብቼ ስመለስ ቤታችን በር የለውም፣ ከዕቃችንም የተረፈው ጥቂት ነው፤ ጓሮው ግን እንዳለ ነበር። የልጄ አባት ካረፈ ጀምሮ የምንኖረው በዚያ ጓሮ ነው፤ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጥቂት ቃሪያ። እንደገና ዘራሁ። አዲሱ ሰላጣ ከፍ ሲል ነጩን መስመር አየሁበት። በዚያን ጊዜ ሁሉ ነገር ምልክት ይመስለኝ ነበር። አጥር ላይ የተጫረ ኖራ ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። ቅጠሉንም ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። ነቅዬ ቀበርኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ለማንም አለመናገር ያኔ ነው የለመደብኝ።

ልጄ ነርስነት ተምራ ጨረሰችና በ2013 አውበሬ ጤና ጣቢያ ገባች። አውበሬ ሩቅ አይደለም፣ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ለእኔ ግን ከዓለም ጫፍ አይቀርብም ነበር፤ የከተማውን መውጫ ኬላ ማለፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ። «ነይና ቤቴን እዪው» ስትለኝ፣ አንድ ጊዜ ወገቤን፣ ሌላ ጊዜ የውኃ ጋሪ እጠብቃለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ። እሷ ናት በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እየመጣች ሰኞ የምትመለሰው።

ባለሙያውን ያመጣችልኝም እሷ ናት። አብሯት ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ልጅ ነው፤ አሁን የአትክልት ተባይ ያጠናል። መስመሩን ፎቶ አንስታ ላከችለት፣ በማግሥቱ በሬ ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል። በሽታ ነው መሰለኝ።»

«በሽታ አይደለም። ቤቱ ሰው አለበት» ብሎ ሳቀ።

ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አሳየኝ። ከመስመሩ በወፍራሙ ጫፍ አንዲት ቢጫ ትል ተኝታለች። አፏ ጥቁር ነጥብ ነው፣ ወዲህና ወዲያ ታወዛውዘዋለች። ከኋላዋ ጥቁር ጥቁር ፍርፋሪ ትታለች፤ ኩሷ ነው አለኝ። እናቲቱ ዝንብ ቅጠሉን ወግታ እንቁላሏን ውስጡ ታስቀምጣለች፤ ትሏ በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መሐል እየበላች ትሄዳለች፣ መንገዱ የሚወፍረውም እሷ ስለምትወፍር ነው። ሲበቃት ቅጠሉን ሰንጥቃ መሬት ትወድቅና ቡናማ ሆና ትደርቃለች። ከዚያ ዝንብ ሆና ትወጣለች።

ሦስት ቅጠል ቆርጦ፣ ሶፍት አድርጎበት፣ በላስቲክ አስሮ ይዞ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በትንሽ ጠርሙስ ሁለት ዝንብ ይዞልኝ መጣ፤ ልጅ ወልዶ እንደሚያሳይ ሰው ነው ደስ ያለው።

«ዓለም የሚያውቃት ሌላ ናት፣ እትዬ። የእርስዎዋ ግን እግሯ ይጠቁራል። ስሟን የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።»

«እኔ ጓሮ ስም የሌላት ዝንብ?»

«ስም ሊኖራት ይችላል። የሚያውቃት ሰው ነው ጥቂት የሆነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነኝ፤ መድኃኒት እንዳልረጭ። ትሏን የሚገድሉ ከእሷም ያነሱ ተርቦች አሉ፣ ከረጨሁ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው፣ ዝንቧም ብሶባት ትመለሳለች አለኝ። እሱም የሚያጠናው ያጣል።

«ማርያምን አልረጭም» አልኩት። ያኔ ከልቤ ነበር።

በ2014 የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን ተገናኙ። ለሰላጣ ሻጭ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ቅጠል ይፈልጋል። የጓሮዬ መደብ ግን በዚያ ዓመት አንድ ንጹሕ ቅጠል አልነበረውም። በሬ ላይ ሳፋዬን ይዤ ስቀመጥ ሰው ያገላብጥና ይተወዋል።

«ኤዶ፣ ሰላጣሽ ታሟል፤ ሐኪም ውሰጂው» አለችኝ አንዷ የሶማሌ ደንበኛዬ። እነሱ አክስት ማለታቸው ነው፣ ኤዶ።

የሠፈራችን ሴት ደግሞ ይባስ ብላ ሰው ፊት ጮኸችብኝ፤ «ትል ያለበትን ለጾም ትሸጪልኛለሽ? ትል እኮ ሥጋ ነው!»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ ሳፋውን እንዳለ ይዤ ስገባ ግን እያለቀስኩ ነበር።

ሐሙስ ማታ ከድንበሩ ከቶጎጫሌ ዕቃ የምታመጣ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ዝንብ የሚገድል መድኃኒት አልኳት። ከጀሪካን ወደ ጁስ ጠርሙስ ቀዳችልኝ። «ዝንብ፣ መዥገር፣ ቅማል፣ ሁሉንም ይጨርሳል። አንድ ክዳን ለአንድ ባልዲ።» ለምን እንደምፈልገው አልጠየቀችኝም፤ እዚህ አገር እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ፍየል ያለው ነው። እኔም አልነገርኳት። ጠርሙሱ ላይ ያለው የማንጎ ሥዕል ነው፣ ሌላ ጽሑፍ የለውም።

አርብ ከሰዓት ባልዲ ሞላሁና ሦስት ክዳን ጨመርኩበት። አንድ ክዳን ለዚያ ሁሉ መስመር የሚበቃ አልመሰለኝም። መጥረጊያ እየነከርኩ መደቡን በሙሉ ረጨሁት። ሳምንት ሳልሸጥ እቆያለሁ፣ ያኔ ምንም አይኖረውም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጠርሙሱን ከከሰል ጆንያው ኋላ ደበቅሁ። ቅዳሜ ልጄ መጣች። ብነግራት ለባለሙያው ትነግርብኛለች፣ ማርያምን ብዬ የማልኩትን መሐላ ታነሳብኛለች። አልነገርኳትም።

ሰኞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ስመለስ ልጄ ሄዳለች፤ ከመደቡ ግማሽ ረድፍ ሰላጣ ተቆርጧል። አልጋዋ ላይ በቁራጭ ወረቀት ጽፋልኛለች፦ «እማ፣ ለአፉር ሰላጣ ወስጃለሁ። ዛሬ ሠሪዋ እኔ ነኝ።» አፉር ማፍጠሪያው ነው። አውበሬ ያሉት የቤት አከራይዋና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ይጾማሉ፤ እሷም የእኛን ጾም ይዛ ከእነሱ ጋር መግሪብ፣ የምሽቱ አዛን ሲሰማ ነበር የምትፈታው።

እዚህ ላይ መዋሸት አልችልም። ወረቀቱን አንብቤ ቁጭ አልኩ። ታጥበዋለች አልኩ። ነርስ ናት፣ ሰላጣ ሳታጥብ አትበላም አልኩ። ነጠላዬን አጥፌ አስቀመጥኩ። ምሳ እንኳ ልሠራ ሽንኩርት መላጥ ጀምሬ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ባለሙያው ቅጠል ሊወስድ መጣ። መደቡ ጋ ጎንበስ ሲል ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ምን ረጩበት?»

«ምንም።»

አንድ ቅጠል ገለበጠ። ከሥሩ ዝንቧ እግሯን ሰብስባ ሞታለች። መሬቱም ላይ ሌሎች አሉ። «እትዬ፣ እኔ ስለ ዝንቧ አይደለም አሁን። ይሄን የተቆረጠውን ማን ወሰደው?»

«ልጄ» አልኩት።

ጠርሙሱን አወጣሁለት። ከፈተና ፊቱን አዞረ። «የከብት ነው። መዥገር የሚገድሉበት። ቅጠሉ ይጠጣዋል፣ በውኃ አይወጣም። ስንት አደረጉበት?»

«አንድ ክዳን» አልኩት። አሁንም ዋሸሁ።

ስልክ ሞከርን። የስልኳ ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ትላለች። የጤና ጣቢያውን ሞከረ፣ ያው ነው፤ የአውበሬ ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ የለም አሉት። «እኔ ስልኩን አላቆምም፣ ጤና ቢሮም ሄጄ የሚሄድ መኪና ካለ አያለሁ። እርስዎ መነኸሪያ ይሂዱ። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ አይታወቅም» አለኝ። መግሪብ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ነጠላዬን ሳላነሳ ወጣሁ።

ሚኒባሱ አምስት ሰው ይዞ ቆሟል፤ በረመዳን ከሰዓት ማን ይጓዛል። ሹፌሩ እስኪሞላ መሪው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። መስኮቱን መታሁት።

«ኤዶ፣ ምን ያስቸኩልሻል? ሰርግ አለሽ?»

«ልጄ ታማብኛለች።»

ከዚያ ወዲያ አልቀለደም፤ ሁለት ሰው ሲጨመር ተነሣ። ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ነበር።

ኬላው ላይ ውረዱ ተባልን። ወታደሩ መታወቂያ ሲለኝ ደረቴን ዳበስኩ፣ የለም፤ ቤት ነው የቀረው። ልጄ ጋ ነው የምሄደው እላለሁ፣ እሱ ከየት መጣሽ ይለኛል። ያንኑ እደግምለታለሁ። ከኋላዬ ጥቁር ሻሽ የለበሰች ሶማሌ ሴት ተጠጋችና በአማርኛ «ይቺን አውቃታለሁ፣ ሰላጣ ሻጭ ናት፣ ከእሷ ነው የምገዛው» አለችው። ወታደሩ ሁለቴ አየኝና በእጁ ወደ መኪናው አመለከተ።

ገብተን ስንቀመጥ አጠገቤ ሆነች። «ባለፈውም ከአንቺ ገዝቼ…» ስትል፣ ከረጨሁ ወዲህ እንዳልሸጥኩ እያወቅሁ ክንዷን ጨበጥኩት።

«መቼ?»

«ኧረ ቀስ! ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ? አርብ አይደለም? እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ ሐሙስ ነው። ምነው፣ ሂሳብ ቀርቶብኝ ነው?»

ለቀቅኳት። ክንዷ ላይ የጣቴ ምልክት ቀርቶ ነበር። እስከ መጨረሻው ክንዷን እያሸች በጎን ታየኝ ነበር።

አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ጀመረ። ሹፌሩ ለግመል ሲቆም ግመሉን ጠላሁት። አሮጊት ስትወርድ፣ ጓዟ ሲወርድ፣ ሰላምታዋ አላልቅ ሲል፣ አሮጊቷን ጠላኋት። ለዓመታት ስፈራው የኖርኩት መንገድ ይሄ ነው፤ ግን መንገዱን አላየሁትም። ያየሁት የሹፌሩን ሰዓት ብቻ ነው። አሥራ አንድ ከሩብ። አሥራ አንድ ተኩል። ነርስ ናት፣ ሽታው ይሸታታል እላለሁ፤ ደግሞ እኔ ራሴ ቅዳሜ መደቡ አጠገብ ቆሜ ምንም እንዳልሸተተኝ አስታውሳለሁ።

አውበሬ ስንገባ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ቤቱን አላውቀውም። ልጄ የምትኖርበትን ቤት አላውቀውም! አንድ ሱቅ ላይ ቆሜ «ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሐበሻ ልጅ» አልኩት። ባለሱቁ ቴምር በእጁ ይዞ ሰዓቱን ይጠብቃል፤ በዚያችው ቴምር ሰማያዊውን በር ጠቆመኝ።

በሩ ገርበብ ያለ ነው። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ ውኃ። መሐል ላይ በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ሰላጣው ተከትፎ፣ ሎሚና ቃሪያ ገብቶበት፣ ያምራል። ልጄ ማንኪያ እያስቀመጠች ነበር። ቀና ብላ «እማዬ?» ስትል እኔ ምንጣፉን በጫማዬ ረግጬ፣ ሳህኑን አንስቼ አፈሩ ላይ ገለበጥኩት።

ለማፍጠር ደቂቃ የቀረው ምግብ ነው። አከራይዋ ወፍራም ትልቅ ሴት ናቸው፤ እጃቸውን መሬት ላይ ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ትንሿ ልጃቸው በአማርኛ፣ እንድሰማ ብላ፣ «እኛ ቤት መብላቷን ጠልታ ነው» አለች። ልጄ ደም መሰለች። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? አዋረድሽኝ እኮ!»

አማርኛው ጠፋኝ። ገበያ ላይ የአይጥ መርዝ የሚሸጡ ሰዎች የሚጮኹት ቃል ብቻ መጣልኝ። «ሱን! ሱን ነው!» አልኩ። መርዝ ማለት ነው።

ነገሩ ባሰ። ትልቋ ልጅ ብድግ አለች። አከራይዋ አንድ ጊዜ ልጆቻቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ፤ ልጄን መርዘዋታል ማለቴ ነው የመሰላቸው። ፊታቸው ሲዘጋ አየሁት። ያን ዓይነት ፊት በዚያ ሐምሌ አይቻለሁ፤ እንዴት እንደሚጀምር አውቃለሁ። ደረቴን እየመታሁ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የረጨሁት፣ የፍየል መድኃኒት፣ ጓሮዬ ላይ። እሷ አታውቅም፣ እናንተም የላችሁበትም። እኔ ነኝ!» አልኩ። ልጄ በሶማልኛ አስተረጎመችላቸው።

አዛኑ ተሰማ። ማንም እጁን አልዘረጋም። አከራይዋ ጎንበስ ብለው አንዷን ቴምር አነሱ፣ ቢስሚላህ ብለው ቀመሱ፤ ሌላዋን ለእኔ ዘረጉልኝ፤ በተሰባበረ አማርኛ «ቴምር ሰላጣ አይደለም። ብይ» አሉኝ። ትንሿ ልጅ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ልጄን እያየሁ ነበር። ምራቋን ትውጣለች፣ ደግማ ትውጣለች።

«በልተሻል?» አልኳት።

«ጠዋት ስቆርጥ… ዛሬ መንገደኛ ነኝ ብዬ አንድ ሁለት ቅጠል በዳቦ። ከቀትር ጀምሮ ራሴን ያመኛል፣ አፌ ውኃ ይሞላል። የፀሐይ መስሎኝ ነው።»

ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። አከራይዋ ሳምቡሳቸውን ሳይነኩ በአንድ ወገን ልጄን ደገፉ፣ እኔ በሌላው። ተረኛው የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ አስተኝቷት ዓይኗን በባትሪ አየ፣ ትንፋሿን ቆጠረ። ወደ እኔ ዞሮ «ምን ያህል ነው የተቀላቀለው?» ሲለኝ፣ አንድ ክዳን የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ እዚያው ተዘጋጅቶ። ልጄ በተኛችበት ታየኛለች።

«ሦስት» አልኩ። «ለአንድ ባልዲ ሦስት። አርብ ነው የረጨሁት። መደቡን በሙሉ።»

ጻፈው። ዓይኗ ደህና ነው፣ ትንፋሿ ደህና ነው፣ ትንሽ ነው የበላችው፤ ግን እዚሁ ሆና እናያታለን አለ። ከዚያ እጄን አስታጠቡኝ፤ ጣቴ መሐል ቆዳው ተልጦ ነበር፣ የሳሙና ነው ብዬ ትቼው ነበር። ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ጣቶቼን አንድ በአንድ ገልጣ አየች። አልጮኸችብኝም።

«ማርያምን ብለሽ ጓደኛዬን ዋሸሽው፣ እኔንም ዋሸሽኝ» አለች።

«አልዋሸሁሽም። አልነገርኩሽም እንጂ።»

«ያው ነው፣ እማ።»

ምራቁ በማግሥቱ ቆመ፣ ራስ ምታቱ እስከ ረቡዕ ቆየ። እኔ አራት ቀን አከራይዋ ቤት አደርኩ። ስመለስ ባለሙያው በጓንት ሰላጣውን በሙሉ ነቅሎ ጥልቅ ጉድጓድ ቀብሮት ነበር። ስለ ሦስቱ ክዳን ነገርኩት፤ ጉድጓዱ ላይ አፈር ጨመረበት። ዝንቧ ዓመት ሙሉ አልታየችም፤ ተርቦቹ እስካሁን አልመጡም። እሷ ግን ከጎረቤት ቆስጣ ነው መሰለኝ ተመልሳ መጥታለች። መስመር ያለበትን ቅጠል ለይቼ ለጎረቤት ፍየል እሰጣለሁ፣ ንጹሑን እሸጣለሁ፣ ትንሽ ነው። ባለሙያው ስሟን እስካሁን አላገኘላትም።

ልጄ አሁን በየቀኑ ትደውላለች። ሰላምታ የላትም።

«ምን የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

«ምንም።»

«እማ።»

«እሺ፣ ትናንት ደረጃው ላይ ወድቄ ነበር። ጉልበቴ አብጧል።»

«ሌላስ?»

«ቅዳሜ ወደ አንቺ ልመጣ ብዬ ነበር፤ መንገዱን ፈራሁት።»

ከኋላዋ የአከራይዋ ድምፅ ይሰማኛል፣ ማን ነው ይላሉ።

«ፍሪው» አለችኝ። «ፍሪውና ነይ። መነኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»